ከሐይቅ ደሴ በአንድ ሰዓት ወጣሁ የሚላችሁን አትመኑ

ጠጋ በሉ። ትንሽ ከሰው ራቅ እንበል።

የሐይቅን ፎቶ አይታችኋል፤ ማን ያላየው አለ? ውሃው ከኋላ ተንጣሏል፣ ኮርስ ብስክሌቱ ዛፍ ተደግፏል፣ ጎረምሳው ሄልሜቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ፈገግ ብሏል። ማሊያው ላይ የላብ ምልክት የለም። ከስሩ «ደሴ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፤ 60 ኪሎ ሜትር» ብሎ ጽፏል። መሄዱንስ ሄዷል። እኔን የሚያጓጓኝ አመላለሱ ነው። «በምን ተመለስክ?» በሉት እስቲ። ወዲያው ወሬ ይቀይራል።

እኔ ግን አውቃለሁ። ከሁለት በአንዱ ነው የተመለሰው። አንደኛው አያሳፍርም፤ ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ሁለተኛው ግን... ቆዩ። እሱን ለመስማት መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ አለባችሁ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ነች። ሐይቅ ከተማ 2,000 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ወደ 30 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በወልድያና በማይጨው አድርጎ መቐለ የሚዘልቀው ጎዳና ነው። ሒሳቡን ሕፃንም ይሠራዋል። ስትሄዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ ስትመለሱ ያንኑ ሽቅብ። ግን ጠዋት የደሴ መውጫ የሆነችውን ጢጣን አልፋችሁ ብስክሌቱ በራሱ መሮጥ ሲጀምር ይህን የሚያስታውስ ሰው አላየሁም።

ምክንያት አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። በፍጥነት የሚሄድ ብስክሌተኛን ከምንም በላይ ወደ ኋላ የሚይዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያዡ ይላላል። ስለዚህ ትበራላችሁ። ትንሽ ፔዳል ትመታላችሁ፣ ብስክሌቱ ይወረወራል፣ «ዛሬስ እግሬ ሌላ ነው» ትላላችሁ። እግራችሁ ያው የትናንቱ ነው። ያ ስስ አየር ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ደግሞ ከትንፋሻችሁ ላይ ይቀንሳል። ጠዋት ያበደራችሁን ነው የሚያስከፍላችሁ፤ ያውም በወለድ።

ደስታውን ግን አልክድም። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነጩን መስመር ብቻ እየተከተላችሁ ትወርዳላችሁ። ጆሯችሁ ውስጥ ንፋስ ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል፣ ከጎጆዎቹ የኩበት ጭስ ይመጣል። ከዚያ በአንድ መታጠፊያ ላይ ጉሙ ድንገት ያልቃል። ማሳው፣ ኮረብታው፣ በሩቁ የአምባሰል ተራሮች፣ ሁሉም ባንዴ ፊታችሁ ላይ ይዘረጋል። መስከረም ከሆነ ዳር ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ይህን ያየ ሰው ለምን በየሳምንቱ እንደምንመለስ አይጠይቅም።

የቁልቁለቱ ምስጢር ብርዱ ነው። ካርታው ሞቃት ቀጠና ውስጥ ያስቀምጠናል፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነን። ጠዋት በ12 ሰዓት ጢጣ ላይ ግን ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይጨብጥም። መድኃኒቱን ከአንጋፋዎቹ ነው የተማርነው። የቆየ ጋዜጣ ታጥፎ ከማሊያው ስር ደረት ላይ ይገባል። ሐይቅ ስትደርሱ አውጥታችሁ ትጥሉታላችሁ፤ አይ፣ አትጣሉት፤ ቆሎ ለምትሸጠው ሴት ስጧት፣ ቆሎ ትጠቀልልበታለች። ጋዜጣ ከጠፋ ፌስታልም ይሠራል።

ሌላው ፍሬን ነው። ጀማሪን የምለየው ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬኑን እየጎተተ ሲወርድ ነው። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን እየፈተገ ያግለዋል፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ጎማው ይዘልቃል፣ አየሩ ይለጠጣል፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። እኛ እንዲህ አናደርግም። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ፣ ከዚያ ልቅቅ። ጠበቅ፣ ልቅቅ። ቸርኬው ለመተንፈስ ጊዜ ያገኛል። በዝናብ ቀን ደግሞ ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን እስኪጠርግ ድረስ ምንም አይይዝም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ጀምሩ። የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ በተለይ ተጠንቀቁ። ወራት ሙሉ ከመኪኖች የተንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ከአቧራው ጋር ተለውሶ መታጠፊያውን ሳሙና ያደርገዋል።

አሁን ስለ ድንጋይ ላውራ። ስለ ልጆቹ ድንጋይ አይደለም፤ እሱ ይመጣል። መሐል አስፋልት ላይ ስለተቀመጠው ድንጋይ ነው።

አንድ ተሳቢ ዳገት ላይ ይበላሻል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ትልቅ ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ስር ይሸጉጣል፣ ከኋላና ከፊት የዛፍ ቅጠል ቆርጦ በመንገዱ ላይ ይደረድራል። ቅጠሉ «ወንድሜ፣ ወደፊት የቆመ መኪና አለ» ማለት ነው፤ ሹፌር ሁሉ ያነበዋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲነሳስ? ቅጠሉም ድንጋዩም እዚያው ይቀራሉ። ለመኪና ምንም አይደለም፤ ዘወር ብሎ ያልፋል። እናንተ ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየወረዳችሁ፣ ጎማችሁ ሁለት ጣት በማይሞላ ስፋት አስፋልቱን ይዞ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ፊት ለፊታችሁ ታያላችሁ። ስለዚህ ቅጠል ካያችሁ፣ የደረቀም ቢሆን፣ ፍጥነት ቀንሱ። እኔ ሁልጊዜ ወርጄ ድንጋዩን ዳር አስይዘዋለሁ። ሰዓቴ ይበላሻል። ይበላሽ።

የመኪኖቹንም ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ሲኖትራክ ያስፈራል እንጂ ቀጥተኛ ነው፤ የሚያደርገው ከሩቅ ይታወቃል። አጭር ክላክስ ሁለቴ ካሰማችሁ «አይቻችኋለሁ» ነው፤ እጅ አንሱለት። ረጅሙ ክላክስ «አልቆምም፣ ውረዱ» ነው፤ ውረዱ። የምፈራው ቅጥቅጥ ነው። ዳር ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ካየ ምንም ሳያስጠነቅቅ ወደ ቀኝ ይገባል፣ በሩ ይከፈታል፣ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ይዘላል። እናንተ በቀኙ በኩል ከሆናችሁ ሁሉም የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው። በቅጥቅጥ ቀኝ በኩል አታልፉ። ይህችን ብቻ ከያዛችሁ ሌላውን ብትረሱም አልቀየማችሁም።

እሺ፣ ወደ ጎረምሳው እንመለስ።

አንደኛው መመለሻ ፖርቶ መጋላ ነው። ሐይቅ መናኸሪያ ሄዶ ብስክሌቱን ቅጥቅጡ ጣሪያ ላይ ይጭናል፣ ራሱ ወንበር ይዞ ደሴ ይገባል። ነውር የለበትም። ክረምት ከሰዓት በረዶ ሲወርድ እኔም እዚያው ነኝ። ግን አጫጫን አለው። ረዳቱ መጀመሪያ ለብስክሌቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ አትቆጡ፣ «አንተ ራስህ ካሰርክልኝ እሺ» በሉት፣ ዋጋው ይለዝባል። የፊት ጎማውን ፈታችሁ ይዛችሁት ግቡ። ብስክሌቱን በሰንሰለቱ በኩል ወደ ላይ አስተኙት፤ ማርሽ መቀየሪያው ከስር ከሆነ በመንገድ ላይ ይጣመማል። ከሁሉም በላይ፣ መኪናው እስኪነሳ ዓይናችሁን ከጣሪያው ላይ አታንሱ። መጨረሻ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ጆንያው የሚያርፈው ደግሞ ሁሌም ብስክሌት ላይ ነው።

ሁለተኛው... አሁን በጣም ጠጋ በሉ።

ግራ እጁን ተመልከቱ። «በአንድ ሰዓት ወጣሁ» የሚለውን ልጅ ግራ እጅ። ቀኙ ንጹሕ ነው። ግራው ግን ጥቁር ነው፤ መዳፉ ላይ ዘይት፣ ጣቶቹ መሐል ጥቀርሻ። ጉንጩም በአንድ በኩል ጠቁሯል። እኛ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው፤ ከኋላ የተጠጋ ልጅ የመኪናውን የቀኝ ጥግ በግራ እጁ ይይዛል፣ በቀኙ መሪውን። ገባችሁ? ልጁ ዳገቱን አልወጣውም። ተጎትቶ ነው የመጣው።

የት እንደሚጠብቁም አውቃለሁ። ዳገቱ ሲከር፣ የተጫነ ሲኖትራክ ማርሽ ቀንሶ ማቃሰት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ዝግ ሲል ይጠጉና ይንጠለጠላሉ። ሹፌሩ አያያቸውም፤ መስታወቱ እዚያ ድረስ አያሳይም። ረዳቱ ያያቸዋል፤ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል።

እኔ አልስቅም። መኪናው ፊታቸውን ስለሚጋርድ ጉድጓዱን የሚያዩት ጎማቸው ሲገባበት ነው። የቀራቸው አንድ እጅ፣ አንድ ፍሬን ነው። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ለአፍታ ያመነታል፣ ወደ ኋላም ሊንሸራተት ይችላል፤ ከኋላው ያለው ልጅ መሸሻ የለውም። የተሳቢው ጎማ ደግሞ ከጉልበታቸው በክንድ ርቀት ይዞራል። ልጆቻችሁ፣ ወንድሞቻችሁ ብስክሌት ካላቸው ማታ ሲገቡ ሰላም በሏቸውና ግራ እጃቸውን ጨብጡ። ምንም አትጠይቁ። እጁ ይናገራል።

ዳገቱን በእግሩ የሚወጣው ሰው ሰዓቱን አይናገርም። ስለማይጓጓ አይደለም፤ ደሴ ሲገባ የሚናገርበት ትንፋሽ ስለሌለው ነው። ብልሃቱ ማልዶ መመለስ ነው። ሐይቅ ላይ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቆዩ፣ ከዚያ ተነሱ። እኩለ ቀን ሳይደርስ ፀሐዩ ገና አናት አልወጣም። ወይና ደጋ ነው፣ ሙቀቱ አይሰማም ብላችሁ አትታለሉ፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ የተቃጠላችሁት ማታ ነው የሚገለጥላችሁ፤ አንገት፣ የእጅ ጀርባ፣ የጆሮ ጫፍ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆላው ሲግል ነፋሱ ይነሳል፣ ደመናው ይቆለላል። ኮዳው ውስጥ በሶ በጥብጡ፤ ጨው ቆንጠር አድርጉበት። በማሸጊያ የሚመጣው ጣፋጭ ሁሉ ከበሶ አይበልጥም፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

ይህ ጎዳና ደግሞ ተራ ጎዳና አይደለም። ለመኪና የሠራው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። አስመራ ላይ የብስክሌት ውድድርን ያስለመዱትም እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ፔዳሉን የመታው የእኛው ሰው ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ በ1960 ሮም ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ጋልቧል። አሁን ምስጢሯን ስሙ። ከሐይቅ ሳትታጠፉ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ፣ ውጫሌን፣ መርሳን፣ ወልድያን፣ አላማጣን አልፋችሁ ማይጨው ትደርሳላችሁ። በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የማይጨው ልጅ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በላምፕሬ ሜሪዳ ማሊያ ነበር የገባው። ቴሌቪዥን ላይ አልፕስን ሲወጣ የተደነቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ አልተደነቅኩም። በዚህ መስመር አደገ ማለት ዳገትን ከልጅነቱ ያውቀዋል ማለት ነው። ሴቶቹንም አትርሱብኝ፤ ሰላም አምኃ በቶኪዮው ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ተሰልፋለች። ሐይቅ ላይ ብስክሌት በሰዓት ከሚያከራየው ልጅ ዘንድ የሚሰለፉትን ትንንሽ ሴት ልጆች ሳይ የማስበው እሷን ነው።

ስለ ልጆቹ ድንጋይ ቃል ገብቼ ነበር።

እውነት ነው፤ ይወረውራሉ። ብስክሌት ይዘው አፍሪካን የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያ ሲባል መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ነው። ግን የማያውቁት ነገር አለ። ያ ልጅ ድንጋዩን ለእናንተ ብሎ አላነሳውም። ድንጋይ መሣሪያው ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ ወፍና ዝንጀሮ ሲከላከል ይውላል። ፍየሏ ወደ ሰው ማሳ ስትገባ በድንጋይ ነው የሚመልሳት። እጁ ላይ ሁሌም ድንጋይ አለ። እናንተ ደግሞ በድንገት፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ዓይናችሁን በጥቁር መነጽር ሸፍናችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ትበራላችሁ። የሚሸሽ ነገር ይመታል፤ እረኛ የተማረው ይህንን ነው።

ስለዚህ አትሽሹ። ይህ የዚህ መንገድ ትልቁ ምስጢር ነው፣ የሚያምነኝ ግን ጥቂት ነው። ከሩቅ መነጽራችሁን አውልቁ። ፍጥነት ቀንሱ። እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እናንተ ቅደሙ፤ «እንዴት አደራችሁ! ከብቶቹ ደህና ናቸው?» በሉ። አይቻለሁ፤ ድንጋዩ ከእጅ ይወድቃል። ስለ ከብቱ የጠየቀውን ሰው ማን ይመታል? ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ጣጣ ነው፤ ጫማ ሳያደርጉ ዳገቱን አብረዋችሁ ይሮጣሉ፣ ይቀድሟችኋል፣ ላይ ደርሰው እየሳቁ ይጠብቋችኋል። ሄልሜት ስላደረጋችሁ «ቻይና! ቻይና!» ማለታቸውም አይቀርም። አንዴ በአማርኛ ከመለሳችሁላቸው ግን በሚቀጥለው ሳምንት በስማችሁ ነው የሚጠሯችሁ።

ውሻም እንዲሁ ነው። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። መሬት መንካት እንኳ አያስፈልግም። አህያ ግን ሌላ ነው፤ እናትየዋ በአንድ ዳር፣ ውርንጭላዋ በሌላው ዳር ከቆሙ በመሐላቸው አትለፉ። አንዷ ወደ ሌላዋ እንደምትሮጥ እወቁ። የምትሮጠው በእናንተ ፊት ለፊት ነው።

ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ወደ ውሃው ታጠፉ። አሳው ትኩስ ነው፤ ተጠብሶ በሎሚና በአዋዜ ሲቀርብ ዳገቱ ይረሳል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ያቋቋሙበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ሲገቡ እኔ ብስክሌቶቹን ይዤ ውሃው ዳር እቆያለሁ፤ የጎማቸውን ንፋስ የምፈትሸው፣ ብሎኑን የማጠብቀው፣ ሰንሰለቱን የምጠርገው ያኔ ነው። ሲመለሱ ብስክሌታቸው ለምን እንደቀለለ አያውቁም። አሁን አወቁ።

እግር ያለው ወደ አምባሰል ይቀጥላል፤ ወደ ውጫሌ። የሚያምረው ይህኛው ቁራጭ ነው፣ ጎዳናው ከኮረብታ ኮረብታ እየተጥመለመለ ይሄዳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የውጫሌ ውል የተፈረመባት ይስማ ንጉሥ በዚሁ ወረዳ ናት። ግሸን ማርያምም የአምባሰል ናት፤ ስለዚህ የመስከረም 21 ክብረ በዓል ሲቃረብ ባሉት ቀናት በዚህ በኩል አትምጡ። ከየአገሩ የተነሳው አውቶቡስ ሁሉ ለመድረስ ይጣደፋል፣ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ ለእናንተ ይለቀቃል፤ አበባው ደግሞ አልረገፈም።

ጎማ ቢተነፍስስ? ጎሚስታ በየከተማው አለ። ውስጥ ጎማውን አውጥቶ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ጨመቅ እያደረገ ያዞረዋል፣ አረፋ ካወጣች እሷ ነች ቀዳዳዋ። ሞርዶ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ፣ አለቀ። ችግሩ ሲሞላ ነው የሚመጣው። የኮርስ ጎማ ቫልቩ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕረሰር አፍ የተሠራው ለወፍራሙ ነው፣ አይገጥምም። ስንቱ ውድ ብስክሌት በዚህ ምክንያት ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቷል! መፍትሔዋ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል የናስ ማገናኛ ናት፤ ጫፉ ላይ ትጠመዘዛለች፣ ቀጭኑን ወፍራም ታደርገዋለች። ኪስ ውስጥ ትጠፋለችና ቫልቩ ላይ ጠምዝዛችሁ ተዉአት። ንፋሱን በተመለከተ አትጨነቁ፤ የእኛ ቀጭን ጎማ የሚፈልገው ግፊት ከከባድ መኪና ጎማ ብዙም አይርቅም። የሲኖትራክ ጎሚስታ ነው የሚስማማን።

ለሴቶቹ ብቻ ደግሞ አንድ ነገር። ከኮርቻው ስር ቀጭን ሻርፕ ወይም ነጠላ ጠቅልላችሁ እሰሩ። ከተማ ሲቃረብ ወገብ ላይ ትጠመጠማለች፣ ከከተማ ሲወጣ ትፈታለች። ማንም አስገድዶኝ አይደለም፤ በወሎ እናቶች ፊት ስቆም ደስ እንዲላቸው እፈልጋለሁ፣ እነሱም ይህንን አይተው ውሃ ያቀብሉኛል። በረመዳን ደግሞ ወንዱም ሴቱም ኮዳውን ከፆመኛ ፊት አያንሳ፤ ዛፍ ስር ዞር ብሎ መጠጣት ምን ይከብዳል?

አሁን ቀልዱን ላቁም። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ጎዳና ወርዶ ሐይቅንም ደሴንም ሲያጥለቀልቅ ብስክሌት የሚያስብ አልነበረም። ከ2015 ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጎማ አይደለም። ማታውኑ ወደ ሐይቅ ይደወላል፣ ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ከወዲያ የመጣ ሹፌር ይጠየቃል። ሹፌሩ ዝም ካለ ቤት መዋል ነው። «ክፍት ነው» ካለ ደግሞ በቀን ገብቶ በቀን መውጣት። ወትሮም ቢሆን እዚህ አገር ፀሐይ ጠለቀች ማለት ጨለመ ማለት ነው፤ ድንግዝግዙ አጭር ነው። አንድ መብራቱ የተቃጠለ አይሱዙ በጨለማ ሲመጣ ሞተር ሳይክል ይመስላል፣ ቦታ የተዋችሁለት እየመሰላችሁ ወርዱ ይደርስባችኋል።

የመጨረሻዋን አደጋ ግን ማንም አይነግራችሁም። ቡና ናት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆማችሁ ታለከልካላችሁ። አንድ አባት በትራቸውን ተደግፈው ያዩዋችኋል። «ከየት ነው ልጄ?» ይላሉ። «ከሐይቅ ነው አባባ።» «ወዴት ነው?» «ደሴ።» «መኪና ጠፍቶ ነው?» «የለም አባባ፣ ደስ ብሎኝ ነው።» ዝም ይላሉ። ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። ያዘኑልኝ መሰለኝ። ከዚያ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉና ወደ ቤታቸው በኩል ይጣራሉ፤ ረከቦቱ ይቀርባል። እምቢ ማለት የለም። አቦል ይጠጣል፣ ቶናም ይጠጣል፣ ከበረካ በፊት ብድግ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ቆሎው ያልቃል፣ ይጨመራል። ያንን ቡና ጠጥቼ የወጣሁትን ዳገት የሚያህል ቀላል ዳገት አላውቅም። ስለዚህ ከሐይቅ የምትነሱበትን ሰዓት ስትቆርጡ ለቡናው አንድ ሰዓት ጨምሩበት።